ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ሥነ ሕይወትን ለማስተማር የትኞቹን ድረ ገጾች ልጠቀም?

የደላንታዋ መምህርት፣ ኅዳር 3

ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ በደላንታ፣ ከወገል ጤና ብዙ በማይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ። ጥያቄዬ ረዘም ያለ ቢሆንም እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የቤተ ሙከራችን ዕቃ በጦርነቱ ወቅት ከጠፋ ወዲህ የተረፈን አንድ ማይክሮስኮፕ ሲሆን እርሱም ሌንሱ በመጫሩ የሽንኩርት ልጣጭ ሕዋስ እንኳ አጥርቶ አያሳይም። ስለዚህ ተማሪዎቼ ማይቶኮንድሪያንም ሆነ ክሮሞዞምን የሚያውቁት እኔ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ከምሥለው ሥዕል ብቻ ነው። አንድ ላፕቶፕና በውሰት ያገኘነው አንድ ፕሮጀክተር አለን፤ መብራት ሲኖር ሁለቱም ይሠራሉ። የስልክ ኢንተርኔቱ ግን ቀን ሲጠፋ ውሎ ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ትንሽ ስለሚሻለው፣ የሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ለማውረድ ስጠብቅ የሚነጋብኝ ጊዜ አለ። የዳታ ጥቅሉንም የምገዛው ከደመወዜ ቀንሼ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን የትኛውን ማመን እንዳለብኝ አለማወቄ ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ሳስተምር አንዲት ተማሪ፣ “እኛ ደጋ የምንኖር ሰዎች ደማችን ከቆላ ሰው ደም ይለያል ወይ?” ብላ ጠየቀችኝ። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚያበዛ በጠቅላላው ነገርኋት። ስለ አገራችን ደገኞች የተጠና ነገር ይኑር አይኑር ግን ስለማላውቅ፣ “አጣርቼ እነግርሻለሁ” ብዬ ቀጠርኋት። ሌሊቱን ስፈልግ ያገኘኋቸው አምስት ገጾች አምስት የተለያየ መልስ ሰጡኝ።

አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ክፍያ የማይጠይቅና ትክክለኛ ዕውቀት የሚሰጥ ምን አለ? የድረ ገጾቹን ስም ብቻ ከምትነግሩኝ እንዴት እንደተጠቀማችሁባቸው ብትጽፉልኝ ይበልጥ እጠቀማለሁ።

የቦርከና ዳር፣ ኅዳር 3

ውድ መምህርት፣ አብሽሩ። እኔ በኮምቦልቻ የከፍተኛ ትምህርት ጀማሪዎችን ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ፤ እኛም ዘንድ መስመሩ ስለሚቆራረጥ ብዙ ሞክሬ የደረስሁበትን ላካፍልዎ።

ከሁሉ አስቀድመው አንድ ጥሩ መጽሐፍ በእጅዎ ያስገቡ። በአሜሪካ የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው ኦፕንስታክስ የተባለ ሥራ የኮሌጅ መማሪያ መጻሕፍትን በዘርፉ ምሁራን አስጽፎና አስገምግሞ በነጻ ያድላል። የባዮሎጂ መጽሐፉ ሁለተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሲሆን 47 ምዕራፎች አሉት። ለተማሪዎችዎ ግን 21 ምዕራፎች ያሉትን፣ ኮንሴፕትስ ኦፍ ባዮሎጂ የሚባለውን አስቀድማለሁ፤ ቋንቋው የቀለለ፣ ሥዕሎቹም የጠሩ ናቸውና። ሁለቱም በፒዲኤፍ ይወርዳሉ። እኔ በጣም የምወደው ፈቃዳቸውን ነው፤ ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ ማባዛት፣ ማተም፣ አልፎም ወደ አማርኛ መመለስ ተፈቅዷል። የሕዋስ ክፍፍልን ሥዕል ከዚያ አውጥቼ፣ የእንግሊዝኛውን ስያሜ በአማርኛ ተክቼ፣ በትልቅ ወረቀት አሳትሜ በክፍሌ ግድግዳ ላይ ከሰቀልሁት ሦስት ዓመት ሆነው።

ሁለተኛው ኮሊብሪ ነው። ይህ ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ኢንተርኔት ለሌለበት ትምህርት ቤት ብሎ ያዘጋጀው ነጻ ፕሮግራም ነው። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ በውስጡም ካን አካዳሚ የተባለውን ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች፣ ሲኬ 12 የተባለውን መሰል ድረ ገጽ ንባቦችና ሌሎችንም መርጦ ማስገባት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑና የተማሪዎቹ ስልኮች በአንድ ዋይፋይ ከተገናኙ፣ ዋይፋዩ ከውጭው ዓለም ጋር ምንም ግንኙነት ባይኖረውም እንኳ ተማሪዎቹ ሁሉንም በስልካቸው ከፍተው ማንበብና መመልከት ይችላሉ፤ ዳታም አይቆጥርባቸውም።

እዚህ ላይ እኔ የሠራሁትን ስሕተት እንዳይደግሙ አደራ እላለሁ። በመጀመሪያ ጊዜ የካን አካዳሚን ክምችት በሙሉ ላውርድ ብዬ ጀምሬ ወር ሙሉ ጠብቄ ሳይጠናቀቅልኝ ቀረ። ኮሊብሪ ግን የሚፈልጉትን ርእስ ብቻ ነጥለው እንዲያወርዱ ይፈቅዳል። እርስዎ በዚህ ወሰነ ትምህርት የሚያስተምሩትን ሦስት ወይም አራት ርእስ ብቻ ይምረጡ። ከዚህም የሚቀለው ካለው ሰው ላይ መቅዳት ነው፤ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ያለ ኢንተርኔት ይተላለፋልና። ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ብቅ የሚሉ ከሆነ ባዶ ሃርድ ዲስክ ይዘው ይምጡ፤ ያለኝን ሁሉ እቀዳልዎታለሁ።

ኪዊክስ የሚባለውም አለ። ዊኪፔዲያንና መሰል ድረ ገጾችን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ስለሚበልጥ እርሱን ይተዉት፤ ሕክምና ነክ ጽሑፎችን ብቻ የያዘው በጣም ያነሰ ሲሆን ለሰውነት ክፍሎችና ለበሽታዎች ትምህርት ይበቃል።

ማይክሮስኮፕ ለሌለው ክፍል ከሁሉ የጠቀመኝን ለመጨረሻ አቆየሁት። ፌት የሚባሉት በኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ምስለ ሙከራዎች ናቸው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመራቸው በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን ነው። አብዛኞቹ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ቢሆኑም ስለ ተፈጥሯዊ ምርጦሽ፣ ስለ ነርቭ ሕዋስና ከጂን ወደ ፕሮቲን ስለሚወስደው መንገድ የተሠሩት ለእኛ ናቸው። እያንዳንዱ ምስለ ሙከራ በአንድ ትንሽ ፋይል ወርዶ በማንኛውም አሳሽ ይከፈታል፤ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሮጀክተር ሃምሳ ተማሪ ሊከታተለው ይችላል።

የከሚሴው ላብራቶሪ፣ ኅዳር 4

የቦርከና ዳር የተናገሩትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ በእኔ ሙያ በኩል ያለውን ልጨምር። በአንድ ጤና ጣቢያ የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ጥገኛ ተሕዋስያን በሚገባ የተማርሁት ከኮሌጅ ከወጣሁ በኋላ፣ ዲፒዲኤክስ ከሚባል ድረ ገጽ ነው ብል አላጋነንሁም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል ለላብራቶሪ ባለሙያዎች ያዘጋጀው ሲሆን ለእያንዳንዱ ጥገኛ ተሕዋስ የሕይወት ዑደቱ ሥዕልና በማይክሮስኮፕ የተነሡ ፎቶግራፎቹ ይገኙበታል። አንድ ገጽ ከፍቶ ከነፎቶው አስቀምጦ በፍላሽ መያዝ ይቻላል፤ የዑደት ሥዕሎቹም ለማንም የተፈቀዱ ናቸው።

ለምሳሌ ብልሃርዚያን እንውሰድ። በእኛ በኩል ያሉ ልጆች በወንዝና በመስኖ ውኃ ሲንቦራጨቁ ስለሚይዛቸው ነገሩን በዓይናቸው ያውቁታል። በገጹ ላይ የሺስቶሶማ ማንሶኒ እንቁላል በጎኑ እሾህ እንዳለው፣ የሺስቶሶማ ሄማቶቢየም ግን እሾሁ በጫፉ እንደሆነ ጎን ለጎን ይታያል። እንቁላሉ ከሰገራ ወይም ከሽንት ጋር ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የወጣውም እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ሌላ እጭ ደግሞ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ተማሪው ይህን ዑደት ካየ በኋላ “ቀንድ አውጣው ባይኖርስ?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያጠናውን ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው ምርምሩን የጀመረው። እናቱ በእንዶድ ስታጥብ ላየ ልጅ ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ ወሬ አይሆንበትም።

ስለ ኮሶ ትል ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ላስታውስ። ከበሬ ሥጋና ከአሳማ ሥጋ የሚመጡት ሁለቱ የቴኒያ ዓይነቶች በእንቁላላቸው አይለዩም፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በትሉ ክፍልፋዮችና በጭንቅላቱ ነው። በስልክ የሚዞሩ የጥናት ማስታወሻዎች ግን ሁለቱን እንቁላሎች ለየብቻ ሥለው “ልዩነቱን ተመልከቱ” ሲሉ አይቻለሁ። መምህርት፣ አምስት ገጽ አምስት መልስ ሲሰጥዎ እኔ የማደርገው ይህን ነው፤ ጽሑፉን ያወጣው ማን እንደሆነና መቼ እንደታረመ አያለሁ፤ ሁለቱም ካልተጻፉበት አልፈዋለሁ።

ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ኅዳር 4

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የጤና ተማሪ ነኝ። በ12ኛ ክፍል ሳለሁ የረዱኝ አሚባ ሲስተርስ በሚል ስም የሚወጡት አጫጭር የሥዕል ቪዲዮዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከአሥር ደቂቃ ስለማይበልጡ ብዙ ዳታ አይበሉም። ንግግሩ ሲፈጥንብኝ ፍጥነቱን ቀንሼ፣ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ አብርቼ፣ የማላውቀውን ቃል በደብተር እየጻፍሁ ሁለት ጊዜ አያቸው ነበር። በቴሌግራም የሚሸጡ “የተጠቃለሉ” ማስታወሻዎችን ግን ተማሪዎችዎ እንዳይገዙ ይምከሯቸው። እኔ ገዝቼ ነበር፤ ሁለቱ የሕዋስ ክፍፍል ዓይነቶች፣ የማይቶሲስና የሚዮሲስ ሥዕሎች ተለዋውጠው ተለጥፈው ነበር።

የደላንታዋ መምህርት፣ ኅዳር 5

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የመጽሐፉን ፒዲኤፍ ትናንት ሌሊት አውርጃለሁ፤ የብልሃርዚያውንም ገጽ አስቀምጫለሁ። ሁለት ነገር ግን አሁንም ይቀረኛል። አንደኛው የተማሪዎቼ እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉን ያነባሉ፣ ዐረፍተ ነገሩን ግን አያገኙትም፤ እኔም በአማርኛ ሳስረዳ ለብዙዎቹ ጽንሰ ሐሳቦች የሚሆን ቃል ያጥረኛል። ሁለተኛው የልጅቷ የደም ጥያቄ ነው፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። በቀጠሯ መሠረት ነገ ትጠይቀኛለች።

የራያ ማሽላ፣ ኅዳር 5

መምህርት፣ የተማሪዎን ጥያቄ ሳነብ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም መልሱ አለ፣ በነጻም ይገኛል። ፐብሜድ የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት መፈለጊያ የሕይወት ሳይንስ ጥናቶችን አሕጽሮት ይሰበስባል። እኅቱ ፐብሜድ ሴንትራል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሙሉ ጽሑፎችን ያለ ክፍያ ያስነብባል። እዚያ ውስጥ ኢትዮጵያ፣ ከፍታና ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ አንድ ላይ ቢጽፉ፣ ሲንቲያ ቢል የተባለችው ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችውን ጥናት ያገኛሉ። በሰሜን ተራሮች፣ በአምባራስ አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረዋል።

ውጤቱ አስገራሚ ነበር። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ያን ያህል ባይጨምርም በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት ዝቅ ይላል። የአምባራስ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ የኦክስጅን ሙሌታቸው በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ለከፍታ ኑሮ ሦስተኛ ዓይነት መላመድ አለ አሉ። ለልጅቷ ይህን ሲነግሯት የተጠናው ሰሜን ተራሮች ላይ እንጂ ደላንታ ላይ እንዳልሆነ አብረው ይንገሯት። “የእኛስ?” ብላ ብትጠይቅ ጥሩ ጥያቄ ነውና ያበረታቷት። የቆላ ሰው በድንገት ደጋ ወጥቶ ሲሰነብት ቀይ የደም ሕዋሱ መብዛቱም እውነት ነው። የመጀመሪያ መልስዎ ስሕተት አልነበረበትም፤ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚመጣ ለውጥና በብዙ ትውልድ የሚመጣ ለውጥ የተለያዩ መሆናቸው ብቻ ነው የቀረው።

እኔ የማሽላ ማዳቀል ተማሪ ነኝ፤ በቆቦ ሜዳ አቀንጭራ ከተባለው የማሽላ ጥገኛ አረም ጋር ከሚታገል ገበሬ ቤት ነው የተወለድሁት። ፐብሜድን መፈለግ የጀመርሁት በአንድ የማሽላ ስም ነው። አያቴ “ወተት በጉንጬ” የምትለው የእሸት ማሽላ ነበራት፤ ተጠብሶ ሲበላ ጣፋጭ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ማሽላ ፕሮቲን ሳነብ፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲንግና አክስቴል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከዓለም የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ ማሽሎችን መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ የበዛባቸው ሁለት ብቻ እንዳገኙ ደረስሁበት። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ በመዝገብ ቁጥር አይ ኤስ 11167 እና አይ ኤስ 11758 ይባላሉ። የወሎ ገበሬ ግን እንዲህ ያሉትን ማሽሎች “ወተት በጉንጬ” እና “ማርጩኬ” እያለ ሲዘራቸው ኖሯል። ይህን ባነበብሁ ቀን ስልኬን ይዤ ወደ አያቴ ሄድሁ፤ የተጻፈውን ተርጉሜ አነበብሁላት።

ላይሲን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ ከምግብ ብቻ የሚገኝ አሚኖ አሲድ ነው። በተራ ማሽላ ውስጥ የሚበዛው ካፊሪን የተባለው የክምችት ፕሮቲን ላይሲን የለውም ማለት ይቻላል። በእነዚህ ሁለት ማሽሎች ግን በአንድ ጂን ላይ በደረሰ ለውጥ የካፊሪን ድርሻ ስለሚቀንስ ላይሲን ያላቸው ሌሎች ፕሮቲኖች ድርሻ ከፍ ይላል፤ ፍሬያቸው ግን ሙሉ ሆኖ አይወፍርም፣ ይጨማደዳል። ገበሬው እሸቱን የሚጠብሰውና ለእህል ክምችት ሌላ ማሽላ የሚዘራው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ስለ ጂን፣ ስለ ፕሮቲንና ስለ ምርጦሽ በአንድ ዘለላ ላይ ማስተማር ይቻላል።

ጽሑፍ ሲፈልጉ ክፍያ ከጠየቀዎ አይክፈሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የኢትዮጵያ ተቋማት ብዙ የጤናና የሥነ ሕይወት መጽሔቶችን በነጻ እንዲያነቡ ያስችላል፤ የሚመዘገበው ተቋሙ ስለሆነ በአቅራቢያዎ ያለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትን ይጠይቁ። ደግሞም “ዓለም አቀፍ መጽሔት” የሚል ስም ሁሉ አያሳምንዎት፤ ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ አሉ። ነጻ መጽሔቶችን አጣርቶ የሚመዘግበው ዲኦኤጄ የተባለው ማውጫ ላይ ስሙን ፈልጌ ካላገኘሁት በጥርጣሬ ነው የማነበው።

ጡረተኛው መምህር፣ ከወልድያ፣ ኅዳር 6

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ በጥሞና አነበብሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሥነ ሕይወት አስተምሬ በጡረታ ተገልያለሁ፤ እነዚህን ድረ ገጾች ያሳየችኝ የልጅ ልጄ ናት። ከእናንተ ጋር በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ፤ ለመምህርቷ ከሁሉ የጠቀመው ምስለ ሙከራ ነው ተብሏታል፣ እኔ ግን በዚያ ባትጀምር ይሻላል እላለሁ። ተማሪ ያላየውን ነገር በኮምፒውተር ሲያይ እንደ ፊልም ያየዋል። አስቀድሞ በእጁ ይዳስስ፣ በእርሳሱ ይሣል፣ ከዚያ በኋላ የራያው ልጅ እንዳለው ከቤቱ ማሽላ ተነሥቶ ወደ ምስለ ሙከራው ይሂድ። ገበሬው የወደደውን ዘለላ ለዘር ማስቀረቱን የማያውቅ የወሎ ልጅ የለም። ከዚያ ተነሥታችሁ “እዚህ የመረጠው ገበሬው ነው፤ በዱር ግን ድርቁ፣ በሽታውና አዳኙ ይመርጣሉ” ብትሉት፣ ተፈጥሯዊ ምርጦሽን ያለ ጭቅጭቅ ይረዳዋል። እኔ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ልጅ ፊት ሳስተምር የኖርሁት በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ቃል ችግርሽ፣ ልጄ፣ ከታችኛው ክፍል የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ጀምሪ። ሕዋስ፣ ኅብረ ሕዋስ፣ ብርሃን አስተጻምሮ፣ ብዝኀ ሕይወት፣ ሥነ ምህዳር የሚሉት እዚያ ተቀምጠዋል። አማርኛ የሌለውን እንደ ክሮሞዞም ያለውን እንዳለ ተይው፤ በግድ አትተርጉሚው። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ እንግሊዝኛውን በግራ፣ አማርኛውን በቀኝ እያደረግሽ በየሳምንቱ አሥር ቃል ጨምሪ፤ ወረቀቱንም ተማሪዎቹ ራሳቸው ይጻፉት።

ከድረ ገጾቹ መካከል እኔ የወደድሁት የዕፀዋቱን ነው። አይናቹራሊስት የተባለው እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ ሲሆን የሚያዩትን ዕፅና እንስሳ ፎቶ አንሥተው ሲያስገቡ ከዓለም ዙሪያ ያሉ አዋቂዎች ስሙን ያርማሉ። ሲክ የሚባለው ታናሹ መተግበሪያ ደግሞ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ፎቶውን አይቶ ስም ይገምታል። ግምት መሆኑን ግን አትርሺ። ደጃችን ያለውን ዋንዛ በሌላ ስም ጠርቶት ነበር። እኛ ስሙን ስለምናውቅ፣ በእንግሊዝ አገር ያለው የኪው ዕፀዋት ማእከል ባወጣው የዓለም ዕፀዋት ድረ ገጽ ላይ ኮርዲያ አፍሪካና ብለን ፈልገን አረጋገጥን። በዚያው ላይ ኮሶን ፈልጊ፤ ሐጌኒያ አቢሲኒካ ትባላለች፤ ከጽጌረዳ ቤተሰብ እንደሆነች፣ በወገኗም (ጂነስ) ውስጥ ብቸኛዋ ዝርያ እንደሆነች፣ ከእኛ ተራሮች እስከ ማላዊ ድረስ እንደምትበቅል ታያለሽ። ተማሪዎችሽ ኮሶን ያውቋታል፤ የጽጌረዳ ዘመድ መሆኗን ሲሰሙ ግን አበባዋን እንደገና ለማየት ይሄዳሉ።

የደላንታዋ መምህርት፣ ኅዳር 20

ጋሼ፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ፤ የሆነውንም ለሁላችሁ ልንገራችሁ።

ለልጅቷ የአምባራሱን ጥናት ነገርኋት። “ታዲያ ደላንታ መጥተው ለምን አይለኩንም?” አለችኝ፤ ጥያቄዋን በክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፍነው። ከዚያ ጋሼ እንዳሉት ከገበሬው ምርጫ ጀመርሁ። ስለ ወተት በጉንጬ ስነግራቸው ከበሽሎ በረሃ በኩል የሚመጣ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ አያቱ ጋ እንዳለ፣ ፍሬው እንደሚጨማደድና ለዘር የሚቀመጠው ለብቻው ተሰቅሎ እንደሆነ ለክፍሉ አስረዳ። በዓመቱ ውስጥ ከዚያ ቀን በፊት ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከፌት ምስለ ሙከራዎች ስለ ተፈጥሯዊ ምርጦሽ የተሠራውን፣ የጥንቸሎቹን፣ ያሳየሁት በማግስቱ ነው። ነጭ ጥንቸሎችን በሞቃቱ አካባቢ ለቅቄ፣ የቡናማ ፀጉር ለውጥ ጨምሬ፣ ከመጀመሬ በፊት የሚሆነውን በደብተራቸው እንዲገምቱ አደረግሁ። አብዛኞቹ ቡናማው ወዲያው ይበዛል ብለው ነበር። ተኩላ ሳይኖር ግን ነጩም ቡናማውም እየተራባ ሄዶ ጥንቸል ዓለምን ሞላ። ተኩላውን ስጨምር ነጩ እያለቀ ቡናማው ቀረ። ለውጡን ድብቅ ባሕርይ (ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ የማይታይ) አድርጌ ስደግመው ደግሞ ቡናማ ጥንቸል ለብዙ ትውልድ ሳይታይ ቆየ። “የት ሄደ?” ብለው ሲጠይቁ፣ ለሁለት ሳምንት ያስተማርሁት የሜንዴል ሕግ በዚያች ቅጽበት ገባቸው። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ እስኪጠፋ ድረስ ከክፍሉ የወጣ አልነበረም።

የቦርከና ዳር፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ደሴ እመጣለሁ፤ ሃርድ ዲስኩን ከባልደረባዬ ተውሻለሁ፤ ስለ ሕዋስ፣ ስለ ዘረመልና ስለ ሥነ ምህዳር ያለውን ብቻ ብትቀዱልኝ ይበቃኛል። የራያ ማሽላ፣ ለእርስዎ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የበሽሎው ልጅ ከአያቱ አንድ ዘለላ ሊያመጣልን ነው፤ ለሚመጡት ዓመታት ተማሪዎች ለማሳየትና ዘሩም እንዳይሞት እንዴት ላስቀምጠው?

የራያ ማሽላ፣ ኅዳር 21

መምህርት፣ እንኳን ደስ አለዎት። ዘለላውን ሳይወቁ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በደንብ ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ አያክርሙት። ከደረቀ በኋላ ለማሳያ የሚሆነውን በወረቀት ከረጢት ያስቀምጡ፤ እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ በፌስታል ከታሰረ ይሻግታል። ለዘር የሚሆነውን ፈልፍለው በደረቀ ብልቃጥ ክዳኑን አጥብቀው ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት፤ የደላንታ ብርድ ለዚህ ጠቃሚ ነው። ነቀዝ እንዳይገባው በየወሩ ይመልከቱት። ከረጢቱ ላይ አያትየው የሚጠሩበትን ስም እርሳቸው እንዳሉት አድርገው፣ የተዘራበትን ቦታ፣ ከፍታውንና የታጨደበትን ቀን ይጻፉበት። ሌላ ዘለላ የሚተርፍ ከሆነ ለእኔም አንድ ያስቀሩልኝ፤ የአያቴ ዘር ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታል።